ዓሣን በብልሃት፤ የመንጠቆና የማታለያ ታሪክ ከተከዜ ምንጭ እስከ ጣና

በሬዲዮ ከተሰጠ ንግግር የተወሰደ

ላስታ ሲባል በሰው ልብ ቀድሞ የሚታሰበው ድንጋይ ነው። ከአለት ተፈልፍለው የወጡት የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት፥ ከ4200 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ የሚታየው የአቡነ ዮሴፍ ተራራ፥ ገደሉና አምባው የአገሩ መታወቂያ ሆነው ኖረዋል። ውሃውን የሚያስታውስ ሰው ግን ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ ይኸው የድንጋይ አገር የታላቅ ወንዝ እናት ነው። ተከዜ የሚመነጨው ከላስታ ደጋ ነው፤ ከዚያም ቆላውን ሰንጥቆ፥ በሰሜን በኩል ዞሮ፥ ወደ ምዕራብ ታጥፎ፥ ሰቲት ተብሎ ሱዳን ይገባል፤ ከአትባራም ጋር ተገናኝቶ የዓባይን ውሃ ያበዛል። ከደጋው በስተ ምሥራቅ የሚወርደው ውሃ ግን ወደ አፋር ቆላ ይፈስሳል እንጂ ከባሕር አይደርስም። እንግዲህ በአንድ ተራራ ራስ ላይ የዘነበ ዝናብ እኩሌታው ለሜዲትራንያን፥ እኩሌታው ለበረሃ ይከፈላል ማለት ነው።

ውሃ ባለበት ዓሣ አለ፤ ዓሣ ባለበትም የሰው ብልሃት አለ። አባቶቻችን «ዓሣን ለመብላት በብልሃት» ያሉት ስለ አጥንቱ ብቻ እንዳይመስለን። ከመብላቱ በፊት መያዙ ራሱ ብልሃት የሚጠይቅ ነውና። የዛሬው ንግግራችን የዚህን ብልሃት ታሪክ የሚመለከት ነው። ይኸውም መንጠቆ ከምን ተነሥቶ የት እንደ ደረሰ፥ በተለይም በባሕር ማዶ «ባስ» የሚባለውን ዓሣ ለመያዝ በእርሳስ በከበደ መንጠቆ ላይ የሚሰካው ለስላሳ ማታለያ እንዴት እንደ ተገኘ፥ ይህም ነገር ለእኛ ውሃና ለእኛ ዓሣ ምን ትምህርት እንደሚሰጥ ለመመርመር ነው። በዚህ ንግግር የሚጠቀሱት ዓመታት፥ ሌላ ካልተባለ በቀር፥ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

መንጠቆ ከብረት በፊት የነበረ መሣሪያ ነው። በጃፓን ደሴቶች በኦኪናዋ፥ ሳኪታሪ በሚባል ዋሻ ውስጥ፥ ከቀንድ አውጣ ቅርፊት ተፍቆ የተሠራ መንጠቆ ተገኝቷል፤ ዕድሜውም 23 ሺህ ዓመት ያህል እንደ ሆነ ሊቃውንት ገምተዋል። የጥንት ግብፃውያን የመዳብ መንጠቆ ይሠሩ ነበር፤ በቤኒ ሐሰን መቃብሮች ግድግዳ ላይም በክርና በመንጠቆ ዓሣ የሚያጠምድ ሰው ሥዕል ይታያል። በመንጠቆው ጫፍ ላይ ግን የሚሰካው ብዙ ጊዜ እውነተኛ መብል ነበር፤ ትል፥ ሥጋ፥ ወይም ሊጥ። ዓሣው የሚይዘው የሚበላውን ነው፤ መንጠቆውም በሚበላው ውስጥ ተሸሽጎ ይጠብቀዋል።

ሰው ግን በዚህ አልተወሰነም። ዓሣው የሚያየው መልክ እንጂ ሥጋ ካልሆነ፥ መልኩን ብቻ መስጠት አይቻልምን? ይህን ጥያቄ በሥራ የመለሱት የመቄዶንያ ሰዎች እንደ ነበሩ በ3ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ አካባቢ የነበረው ሮማዊው ጸሓፊ ኤልያን ጽፏል። እነርሱም ቀይ የበግ ጠጕር በመንጠቆ ላይ ጠምጥመው፥ የዶሮ ላባ ሁለት ጨምረው ዝንብ አስመስለው በወንዝ ላይ ይጥሉ ነበር። ዓሣው ዝንብ መስሎት ሲቀፍል መንጠቆው ይይዘዋል። እንግዲህ ማታለያ ማለት ይህ ነው፤ የሚበላ ነገር የሌለበት፥ የሚበላ መሳይ ነገር።

ስለ አገራችን ጕዞ በመጻፍ የታወቀው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ደግሞ ሌላ ብልሃት አይቶ ነግሮናል። ብሩስ በ1770 ግሽ ዓባይን ያየ ሰው ነው፤ መጽሐፉንም በ1790 አሳተመ። በላይኛው ግብፅ ዓሣ አጥማጆች «ቢኒ» የሚባለውን ዓሣ እንዴት እንደሚይዙ ሲተርክ፥ ሸክላ ጭቃን ከዘይት፥ ከዱቄት፥ ከማርና ከገለባ ጋር በእግር ረግጠው እንደሚያቦኩ፥ የተምር ፍርፋሪ በየቦታው እንደሚያስገቡበት፥ በልቡም ውስጥ ተምር የተሰካባቸው ሰባት ወይም ስምንት መንጠቆዎች ከነክራቸው እንደሚሸሽጉ ይናገራል። አጥማጁ በተነፋ የፍየል ቆዳ ላይ ተቀምጦ ይህን ከባድ ሊጥ ወደ ወንዙ መካከል ወስዶ ያሰጥመዋል፤ ከዚያም ወደ ዳር ተመልሶ ክሮቹን ቃጭል ካለበት የዘንባባ ቅርንጫፍ ጋር ያስርና ሥራውን ይሠራል። ቃጭሉ ሲደወል ዓሣው ተይዟል ማለት ነው። አድማጮች ሆይ፥ እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ጭቃው መብል ብቻ አይደለም፤ ክብደትም ነው። ወራጅ ውሃ እንዳይወስደው፥ ዓሣው ከሚመላለስበት ከወንዙ ወለል እንዲደርስ የሚያደርገው ክብደቱ ነው። ቢኒ የሚባለውም ዓሣ፥ ኋላ እንደምናየው፥ ለጣና ዓሦች የቅርብ ዘመድ ነው።

አሁን ወደ አሜሪካ እንሻገር። ባስ በሰሜን አሜሪካ ሐይቆችና ወንዞች የሚኖር፥ አፈ ሰፊ፥ ትናንሽ ዓሦችንና እንቍራሪቶችን የሚያድን ዓሣ ነው። አድፍጦ ይጠብቃል፤ ያደነው ሲቀርበው አፉን በድንገት ይከፍተዋል፤ ውሃውም ከነአደኑ ወደ ውስጥ ይገባል። ሰዎች ይህን ጠባዩን አጥንተው ማታለያ ይሠሩለት ጀመር። ጁሊዮ ቡዌል የሚባል ሰው የማንኪያ ቅርጽ ላለው የብረት ማታለያ በ1852 የፈጠራ መብት አገኘ። በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ በሚሺጋን የነበረው ጄምስ ሄደን ከእንጨት የተጠረበ ማታለያ ሠርቶ ፋብሪካ አቋቋመ። በ1936 ደግሞ ፊንላንዳዊው ላውሪ ራፓላ የቆሰለች ትንሽ ዓሣ አዋዋኝ የሚያስመስል ማታለያ በእጁ ጠረበ። እንጨቱም ብረቱም ግን አንድ ጕድለት ነበረባቸው፤ ጠንካራ ናቸው። ዓሣው አፉ ውስጥ እንዳስገባው ሐሰትነቱን ያውቅና ይተፋዋል።

ይህን ጕድለት ያስወገደው በኦሃዮ ግዛት በአክሮን ከተማ የነበረው ኒክ ክሪም ነው። በ1949 ከሚስቱ ጋር በቤቱ ማድ ቤት ውስጥ ቪኒል፥ ዘይትና ቀለም ቀላቅሎ አፈላ፤ በመሬት ትል ቅርጽ በተሠራ ቅርጸ ማውጫ ውስጥም አፈሰሰው። ሲቀዘቅዝ እንደ እውነተኛ ትል የሚለጠጥና የሚወዛወዝ ለስላሳ ነገር ወጣ። አክሮን በጎማ ፋብሪካ የታወቀች ከተማ ናት፤ ነገሩ በዚያ መገኘቱ አይደንቅም። ለስላሳው ትል በፖስታ ቤት በኩል ለየአገሩ ይላክ ጀመር፤ ከጥቂት ዓመታትም በኋላ በደቡብ አሜሪካ ግዛቶች፥ በተለይም በቴክሳስ፥ አዲስ የተሠሩትን የግድብ ሐይቆች የሚያጠምዱ ሰዎች መሣሪያቸው አደረጉት።

በእነዚያ ሐይቆች ላይ ግን ሌላ ችግር ተነሣ። ግድብ ሲሠራ ውሃው ደኑን ያጥለቀልቃል፤ ባስም በሰጠመው ዛፍና በሣሩ መካከል ይሸሸጋል። መንጠቆ በዚያ ሲጣል ዓሣውን ከመያዙ በፊት ቅርንጫፉን ይይዛል። ስለዚህ አጥማጆች የመንጠቆውን ጫፍ በለስላሳው ትል ሥጋ ውስጥ ሸሸጉት። አሠራሩ እንዲህ ነው። በመጀመሪያ የመንጠቆው ጫፍ በትሉ ራስ በኩል ግማሽ ሳንቲ ሜትር ያህል ይገባና በጐን ይወጣል። ከዚያ መንጠቆው ተስቦ ዓይኑ ማለትም ክር የሚታሰርበት ቀዳዳ በትሉ ራስ ውስጥ እስኪሸሸግ ድረስ ይገፋል። ቀጥሎ መንጠቆው ይዞርና ጫፉ ወደ ትሉ ሰውነት ይመለሳል። ትሉን ከመንጠቆው ጐን አስተካክሎ እጥፋቱ የት ላይ እንደሚያርፍ ይለካል፤ በዚያም ቦታ ጫፉ በትሉ ውስጥ ይገባል፤ ጨርሶ ግን አይወጣም። በመጨረሻ ትሉ እንደ ክር ቀጥ ብሎ መቀመጥ አለበት። ከተጣመመ በውሃ ውስጥ ይሽከረከራል፤ ክሩንም ያከረዋል፤ ዓሣውም እንዲህ የሚሽከረከር ፍጥረት አይቶ ስለማያውቅ ይሸሻል።

የክብደቱ ነገር ደግሞ ራሱን የቻለ ጥበብ ነው። አንዳንዱ እርሳስ እንደ ጥይት ሹል ሆኖ በክሩ ላይ ከትሉ በፊት ይንሸራተታል፤ አንዳንዱ ከመንጠቆው ዓይን አጠገብ እንደ ራስ ሆኖ ይቀለጣል፤ አንዳንዱም በመንጠቆው ግንድ ሆድ በኩል ይለጠፋል። ልዩነቱ አወራረዱ ነው። ክብደቱ በራሱ በኩል ከሆነ ማታለያው አፍንጫውን ወደ ታች ደፍቶ ፈጥኖ ይሰጥማል። በሆዱ በኩል ከሆነ ግን እንደ ጀልባ ወለል ያስተካክለዋል፤ ስለዚህ ጀርባውን ወደ ላይ አድርጎ በዝግታና በጠፍጣፋው ይወርዳል፤ ደክማ የምትወርድ ትንሽ ዓሣም ይመስላል። ጥልቀት በሌለውና ጸጥ ባለ ውሃ 3 ግራም ተኩል ያህል ሲበቃ፥ ንፋስና ሞገድ ባለበት ወይም በጥልቁ 7 ወይም 14 ግራም ያስፈልጋል። ባስ አብዛኛውን ጊዜ የሚቀፍለው ማታለያው ሲወርድ ስለ ሆነ፥ አጥማጁ ክሩን እንጂ ውሃውን አያይም። ክሩ ያለ ምክንያት ሲላላ ወይም ወደ ጐን ሲሄድ ዘንጉን ወደ ላይ ይመታል፤ የተሸሸገውም ጫፍ ለስላሳውን ትል ቀድዶ የዓሣውን አፍ ይይዛል።

እስከዚህ የተነገረው የሰው አገር ታሪክ ነው። ታዲያ ለእኛ ምናችን ነው? ባስ የአገራችን ዓሣ አይደለም። ነገር ግን ባስ በሌለበት ውሃ የባስን ሥራ የሚሠራው ማን ነው ብለን ብንጠይቅ፥ መልሱ ከአማራ አገር መካከል ይገኛል። ጣና ሐይቅ ወደ 3 ሺህ ኪሎ ሜትር ካሬ የሚደርስ ስፋት፥ ከ14 ሜትር የማይበልጥ ጥልቀት አለው። ዓባይ ከሐይቁ ወጥቶ ጥቂት እንደ ሄደ በጢስ ዓባይ 40 ሜትር ያህል ይወድቃል። ይህ ፏፏቴ ለዓሣ እንደ ቅጥር ነው። በታችኛው ዓባይ ያሉት ታላላቅ አዳኝ ዓሦች፥ ለምሳሌ በጫሞና በባሮ የሚገኘው የናይል ፐርች፥ ፏፏቴውን ዘልለው ወደ ጣና ሊወጡ አይችሉም። ስለዚህ በሐይቁ ውስጥ የአዳኝነት ሥፍራ ባዶ ሆኖ ቀረ።

ያን ባዶ ሥፍራ የያዙት ማንም ያልጠበቃቸው ናቸው። ይኸውም የቢኒ ዘመዶች፥ በሳይንስ ስማቸው ላቤኦባርበስ የሚባሉት፥ ባርበስ ብለን የምንጠራቸው ዓሦች ናቸው። የዚህ ወገን ዓሣ በተፈጥሮው አዳኝ አይደለም፤ በመንጋጋው ጥርስ የለውም፤ ጨጓራም የለውም፤ የሚያላምጠው በጕሮሮው ውስጥ ባሉ ጥርሶች ነው። በሌላው አገር ከወለል ላይ ትልና ሣር እየለቀመ ይኖራል። በጣና ግን ከአንድ ወገን ብዙ ዓይነት ወጣ። የሆላንድ ሊቃውንት ከኢትዮጵያውያን ጋር ሆነው በ1990ዎቹ ባደረጉት ምርመራ 15 ዓይነት ታላላቅ ባርበሶች ለይተዋል፤ ከእነዚህም 8ቱ በአብዛኛው ዓሣ በል ናቸው። ሐይቁ ከ17 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ደርቆ እንደ ነበረ የወለሉ ጭቃ ስለሚመሰክር፥ ይህ ሁሉ ልዩነት በአጭር ዘመን የተገኘ ሳይሆን አይቀርም። ጥርስ የሌለው ዓሣ አዳኝ መሆኑ በዓለም ብዙ ጊዜ የማይታይ ነገር ነው።

ከእነዚህ ዓሦች አንዳንዶቹን ለሳይንስ ዓለም ያስተዋወቀው በ1830ዎቹ አገራችንን የጐበኘው ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል ነው። ከሰጣቸውም ስሞች አንዱ «ጎርጓሪ» የሚል ነው፤ ለአማርኛ ተናጋሪ ጆሮ «ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል» የሚለውን ተረት ያስታውሳል። እንግዲህ በለስላሳ ማታለያ ጣና ላይ የሚያጠምድ ሰው ቢኖር፥ ሊያስብበት የሚገባው ይህ ነው። ባርበስ ጥርስ ስለሌለውና ጕሮሮው ጠባብ ስለ ሆነ የሚውጠው ትንንሽ ዓሣ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ለባስ የተሠራው ረጅም ትል ለእርሱ አይሆንም፤ ትንሽና ቀጭን ማታለያ ያስፈልገዋል። መሣሪያ ከውጭ ሊመጣ ይችላል፤ ልኩ ግን ከራሳችን ውሃ መወሰድ አለበት።

የአገራችን አጥማጅ ደግሞ ባዶ እጁን አልነበረም። በጣና ዳር የሚኖሩት ወይጦዎች በደንገል ታንኳ፥ በመረብ፥ በወጥመድና በመንጠቆ ሲያጠምዱ ኖረዋል። በወንዝ ዳር ደግሞ የብርብራ ፍሬ ተወቅጦ ውሃ ውስጥ ይነሰነሳል፤ በፍሬው ያለው መርዝ ዓሣውን አደንዝዞ ወደ ላይ ያንሳፍፈዋል። ይህ ዘዴ ቀላል ነው፤ ዋጋው ግን ከባድ ነው። መንጠቆ አንድ ዓሣ ይመርጣል፤ ብርብራ ግን ትልቁንም ትንሹንም፥ እንቍላሉንም የሚጥለውን፥ ገና የተፈለፈለውንም አይለይም። በልዩነቱ ላይ ብዙ ነገር ተንጠልጥሏል።

ምን ያህል እንደ ተንጠልጠለ የጣና ታሪክ ራሱ አሳይቷል። በ1986 በተጀመረ የልማት ሥራ የሞተር ጀልባና ዘመናዊ የናይሎን መረብ ወደ ሐይቁ ገባ። ዓሣውም ወደ ባሕር ዳርና ወደ ሌሎች ከተሞች በብዛት ተጓዘ፤ ለብዙ ሰው እንጀራ ሆነ፤ ይህ የማይካድ በጎ ሥራ ነው። ነገር ግን ከታላላቆቹ ባርበሶች ቢያንስ ሰባቱ ዓይነት በክረምት መጨረሻ እንደ ጕማራ ወዳሉ ወንዞች ወጥተው እንቍላላቸውን በጠጠር ላይ ይጥላሉ። መረብ በወንዙ አፍ ላይ ሲዘረጋ የሚያዘው የዘንድሮው ዓሣ ብቻ ሳይሆን የሚቀጥለው ዘመን ዓሣ ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያና መጨረሻ የተደረጉት ቍጥሮች ሲነጻጸሩ፥ ወደ ወንዝ የሚወጡት ባርበሶች በ10 ዓመት ውስጥ 75 በመቶ ያህል ቀንሰው ተገኙ። ከዚያ ወዲህ ደግሞ በርብ ወንዝ ላይ ግድብ ተሠርቷል፤ እምቦጭ የተባለውም አረም ከ2011 ጀምሮ የሐይቁን ዳር ይዟል።

መንግሥትም ነገሩን ሳያየው አልቀረም። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቍጥር 315 በእኛ አቈጣጠር በ1995 ዓ.ም. ወጥቷል፤ ዓሣ የሚያዝበትም መንገድ ሥርዓት እንዲኖረው ደንግጓል። አዋጅ ግን በወረቀት ላይ ሲቀመጥ ዓሣ አያድንም። በወንዝ አፍ ላይ በክረምት መረብ የሚጥለውን ሰው የሚያውቀው የቀበሌው ሰው ነው፤ በጾም ወራት ዓሣ በብዛት የሚገዛው ደግሞ የከተማው ሰው ነው። ስለዚህ ገዢው ስለ መረቡ ዓይን ስፋትና ስለ ዓሣው ትንሽነት የሚጠይቅ ከሆነ፥ አዋጁ ከወረቀት ወደ ገበያ ይወርዳል።

ወደ ወሎና ወደ ላስታ ውሃ ስንመለስ ነገሩ ይበልጥ ይገለጣል። በደቡብ ወሎ በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ዘንድ ባለው ሐይቅ ቀረሶ የገባው በ1970ዎቹ መጨረሻ ነው፤ ከዚያ ወዲህ የአካባቢው አጥማጅ ዋና መተዳደሪያ ሆነ። ተከዜም በ2009 በተፈጸመው 188 ሜትር ከፍታ ባለው ግድብ ተገድቦ፥ ወደ 9 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ የሚይዝ ረጅም ሐይቅ ሆኗል፤ ዓሣ በብዛት የማያውቀው የዋግ ሰው ጀልባና መረብ ይዞ ወርዷል። እንግዲህ ከላስታ ደጋ የሚወርደው ውሃ በቴክሳስ የግድብ ሐይቆች የታየውን ዓይነት ታሪክ በአገራችን ይጀምራል። የሰጠመ ሸለቆ፥ አዲስ ውሃ፥ አዲስ አጥማጅ። የቀረው ጥያቄ አጥማጁ በምን እንደሚያጠምድ ነው።

አንዳንድ ሰው «ባሱን ራሱን ለምን አናመጣውም?» ሊል ይችላል። ይህ ተሞክሯል፤ በኬንያ በናይቫሻ ሐይቅ ባስ በ1929 ተለቅቆ እስከ ዛሬ አለ። በአገራችንም ትራውት የሚባለው ዓሣ በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ ከኬንያ መጥቶ በባሌ ወንዞች ተለቅቋል። ይሁን እንጂ አዳኝ ዓሣን ወደማያውቀው ውሃ መልቀቅ ከቤት ውስጥ ነብር እንደ መልቀቅ ነው። በዓለም ሌላ ቦታ የማይገኙትን የጣና ባርበሶች የጠበቃቸው የጢስ ዓባይ ቅጥር ነው፤ ሰው በባልዲ ተሸክሞ ቅጥሩን እንዳያፈርሰው ያስፈልጋል።

ማታለያውም ቢሆን ያለ ጥንቃቄ አይሆንም። እርሳስ መርዝ ነው። እንግሊዝ በወንዝ ዳር የሚኖሩ ዝይ መሳይ ወፎቿ የወደቀውን እርሳስ እየዋጡ ሲሞቱባት አብዛኛውን የእርሳስ ክብደት ከ1987 ጀምሮ ከለከለች፤ ዛሬ በሌላ ብረት የሚሠራ አለ። ለስላሳው ፕላስቲክም ተቈርጦ በውሃ ውስጥ ሲቀር አይበሰብስም፤ ዓሣ ቢውጠው በሆዱ ይቀራል። ስለዚህ የተቀደደው ማታለያ ወደ ኪስ እንጂ ወደ ሐይቅ አይጣልም።

የተከበራችሁ አድማጮች፤ ከ23 ሺህ ዓመት በፊት ቅርፊት የፋቀው ሰውና በ1949 ማድ ቤቱ ውስጥ ቪኒል ያፈላው ሰው አንድ ነገር ያስተባብራቸዋል። ሁለቱም ዓሣውን ከመያዛቸው በፊት አጥንተውታል፤ ምን ይበላል፥ የት ይቆማል፥ መቼ ይነሣል ብለው ጠይቀዋል። ብርብራና በወንዝ አፍ የተዘረጋ መረብ ግን ይህን ጥያቄ አይጠይቁም፤ ውሃውን ሁሉ ይወስዳሉ። ከተከዜ ምንጭ እስከ ጣና ያለው ውሃ የእኛ ርስት ነው። በመሥሪያ ቤታችን ሆነን ስለ ወንዝና ስለ ሐይቅ የሚጻፈው ደብዳቤ በእጃችን ሲያልፍ፥ በገበያም ቆመን ዓሣ ስንገዛ፥ ከውሃው ምን እንደ ተወሰደ ብቻ ሳይሆን ምን እንደ ቀረለትም እንጠይቅ። ጠይቆ የሚያጠምድ ለነገ ዓሣ ያስቀራል፤ ሳይጠይቅ የሚያጠምድ ግን የልጁን ራት ዛሬ ይበላል።